ፕሮፌት-5 ወይስ ጁኖ-60?

ባሕር ዳር ያለ አንድ የሠርግ ባንድ ከውጭ አገር አንድ አሮጌ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ፣ ሊያስመጣ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹና የባንዱ ጠጋኝ ግን አልተስማሙም።

ተጫዋቹ፦ እኔ ፕሮፌት-5 ነው የምለው። ሴኩዌንሻል ሰርኪትስ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው፣ ያሰማመርከውን ድምፅ በ40 ቦታ መዝግቦ በቁልፍ ይመልስልህ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አምስት ኖታ በአንድ ጊዜ ሲነካ ለእያንዳንዱ ሁለት፣ በድምሩ አሥር ኦሲሌተር፣ ማለትም ድምፁን የሚያመነጭ ክፍል፣ ይሠራል። አሥሩም እንደ አንድ ሰው አይዘምሩም፤ አንዱ በጥቂቱ ከፍ፣ ሌላው በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ትዝታን በረዥሙ ስትይዝበት እንደ ማሲንቆ ይርገበገባል።

ጠጋኙ፦ ጋሼ፣ ማሲንቆ መቺው እኮ ጣቱ ከጭራው ላይ አይነሳም፤ ቃናው ሲዛነፍ ወዲያው ያርመዋል። አሥሩን ኦሲሌተር ማን ያርማቸው? ቃናቸውን የሚወስነው ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁን የሚቀበሉት ትራንዚስተሮች ደግሞ በሙቀት ጠባያቸው ይለወጣል። ቀን የድንኳኑን ወበቅ፣ ማታ የጣናን ነፋስ ያስቡት። ማስተካከያ ቁልፍ የተሠራለትም ለዚሁ ነው። ሲጫኑት ማይክሮፕሮሰሰሩ ኦሲሌተሮቹን በየተራ ለክቶ ያርማል፤ እስኪጨርስ ግን ኪቦርዱ ዝም ይላል። ሙሽራዋ እየገባች ዝም!

ጁኖ-60 በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ የሮላንድ ኩባንያ ሥራ ነው። ስድስት ኖታ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ኦሲሌተር ብቻ አለው። ቃናውን የሚጠብቀው የዲጂታል ሰዓት ምት ስለሆነ ስድስቱ አይጣሉም። ድምፁን የሚያጠራው ፊልተር ግን አናሎግ ነው፤ እንደ ፕሮፌቱ። ድምፁ ከሳሳብዎት ኮረሱን፣ ድምፁን የሚያወፍረውን ማወዛወዣ፣ ይክፈቱት።

ተጫዋቹ፦ ኮረስ ሁሉንም ኖታ ጠቅልሎ ነው የሚያወዛውዘው፤ መንጋ እንደ መንዳት ነው። በፕሮፌቱ ግን ሁለተኛው ኦሲሌተር የመጀመሪያውን ይነቀንቀዋል፤ ያኔ የቤተ ክርስቲያን ደወል የመሰለ ድምፅ ይወጣል። አንድ ኦሲሌተር ብቻ ያለው ይህን ከየት ያመጣል? ማስተካከያውንማ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እጫነዋለሁ። ደግሞ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የፕሮፌቱ ሦስተኛ ሞዴል ከርቲስ በሚባል ቺፕ ስለሆነ እንደ ቀደሙት አይዋልልም።

ጠጋኙ፦ ሦስተኛው መሆኑን በምን አወቁ? ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ፎቶ ይላክልን። ኤስኤስኤም የሚባሉት የቀድሞዎቹ ቺፖች ከሆኑ እጄን አላስገባም፤ ሲቃጠሉ ምትክ ፍለጋ አገር ላገር መዞር ነው። ከርቲስ ከሆነ እሺ፣ እኔው እጠግነዋለሁ። ብቻ ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ያሳጠሩ ዕለት እኔን እንዳይጠሩኝ።