ይድረስ ከኋላዬ ተቀምጦ ቴአትሩን ለተረከልኝ ወንድም

ጉዳዩ፦ ሳልጠይቅ ስለተሰጠኝ አገልግሎት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከግራ ጆሮዬ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ፊቴን አታውቀውም። ጀርባዬን ግን በደንብ ታውቀዋለህ፣ ጉልበትህ ወንበሬን ሲገፋው ስላመሸ። ባለፈው እሁድ ከፊትህ ተቀምጬ ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ስከምር የነበርኩት ሴት ነኝ።

የቴአትር ቤቱን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የቤቱ አይደለም። ተዋንያኑም አልበደሉኝም፣ እንዲያውም የተለፋበት ሥራ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ያረጀ ቴአትር ቤት አለ። ማታ ማታ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሚንጎራደድ መንፈስ አለ። መሳቢያዋ ውስጥ የላኪ ስም የሌለው የፍቅር ደብዳቤ የምታገኝ ተዋናይት አለች፣ ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ ለማወቅ እርስ በርሱ የሚጠራጠር አንድ ቡድን ሙሉ ሰው አለ። የሞተው ዋና ተዋናይ ነው የሚሉ አሉ። አዘጋጁ ነው የሚሉም አሉ። የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ ቤት ጠባቂ ተብሎ ተቀጥሮ፣ ገና ጨለም ሲል ከቤቱ ውጪ ወጥቶ በስመ አብ እያለ የሚያድር ሰው ነው። ያስቃል፣ ያስደነግጣል፣ ልብ ያንጠለጥላል። ያንጠለጥል ነበር ማለቴ ነው፣ አንተ መጥተህ ባታወርደው።

አንዷን ትዕይንት ላስታውስህ። ተዋናይቷ ብቻዋን ናት። መስታወቷ ላይ ያለችው አምፖል ትርገበገባለች። መሳቢያውን ስትስበው ሲጥ ይላል። ወረቀቱን አውጥታ መጀመሪያ ለራሷ ታነባለች፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አዳራሹ ጭጭ ብሏል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቆሏቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ማኘክ አቁመዋል። ልክ እዚህች ጋ፣ ደራሲውም አዘጋጁም ተዋናይቷም ለወራት የለፉባት ጸጥታ መሀል፣ የአንተ ድምፅ መጣ፦ «መንፈስ ምናምን የለም። የሚጽፍላት ያ መብራት የሚያበራው ልጅ ነው።»

አለቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከምናምን ተቀምጬ ያየሁት የማውቀውን ነገር ነው።

«ምን አጠፋሁ?» ትል ይሆናል፣ ስለ ልጁ ላስረዳህ። ልጁ እስከዚያች ሰዓት መድረክ ላይ የታየው አንዴ ገመድ ጠልፎት ሲወድቅ፣ አንዴ ደግሞ መብራቱን በተሳሳተ ሰው ላይ አብርቶ ሲሰደብ ነው። ሁለቴም ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ደራሲው እኮ ልጁን የደበቀው እዚያ ሳቃችን ውስጥ ነው! የሳቅንበትን ሰው ማን ይጠረጥራል? ሁላችንም ዓይናችን ያ ጥቁር ኮት የለበሰው፣ ድምፁን የሚጎትተው አዘጋጅ ላይ ነበር። አንተ ከነገርከኝ በኋላ ግን ልጁ እንደገና ሲወድቅ አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ እኔ እንደ መርማሪ ፖሊስ «አሃ፣ እሷን እያየ ነው ገመዱ የጠለፈው» እያልኩ ማስረጃ እሰበስብ ነበር። መንፈሱ ነጭ ተከናንቦ ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጣ ሰው ሁሉ «ኡ!» አለ። እኔ አንሶላው የማን ይሆን እያልኩ ነበር።

ድንጋጤም፣ ቀልድም፣ ፍቅርም የሚበሉት አንድ እህል ነው፣ መጠበቅ። አንዱን ስትነካው ሦስቱም ይራባሉ። መጨረሻውን ቀድመህ የነገርከው ሰው በቀልድህ አይስቅም። «ከመጋረጃው ጀርባ ሰው አለ» የተባለ ሰው መጋረጃው ሲነቃነቅ አይዘልም። «ነገ እወድሻለሁ ሊልሽ ነው» ተብሎ ዛሬ የተነገራት ልጅስ ለነገ ምን ቀረላት? እኔ ትኬት የቆረጥኩት እኮ ላለማወቅ ነው። ማወቁን ከፈለግኩ በር ላይ አንዱን ወጪ ተመልካች ጠይቄ ትራንስፖርት ሳይጨናነቅ ቤቴ እገባ ነበር።

ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚታይ አንድ የግድያ ምሥጢር ቴአትር አለ። ኮሮና አቋርጦት ነበር እንጂ ያ ሁሉ ዓመት ሲታይ ኖሯል። መጨረሻው ላይ ታዲያ ተመልካቹ ገዳዩን ወጥቶ ለሌላ ሰው እንዳይናገር ከመድረክ ይለመናል። የሰው አገር ሰው ተለምኖ ምሥጢር ሆዱ ውስጥ ይዞ ቤቱ ይገባል። አንተን እዚያ ቢወስዱህ ገና መግቢያው ላይ ለተሰለፈው ሁሉ ገዳዩን እያደልክ ትገባ ነበር።

እርግጥ የኛም ቤቶች አሠራር ላንተ ዓይነቱ ይመቻል። አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ተይዞለት ለወራት፣ ከቀናውም ለዓመታት ይታያል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሁሌም ያየና ያላየ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው። ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ለቤቱ ክብር ነው፣ እኔም የወደድኩትን ደግሜ አያለሁ። ያየ ሰው ግን ዝም ብሎ ያላየው ሲደነግጥ እያየ ይዝናና እንጂ! እሱ ራሱ ሌላ ቴአትር ነው።

ደግሞ ዝም በሉ የምል አካባጅ እንዳልመስልህ። የኛ ተመልካች አፍ አለው፣ ስወድለት። መንፈሱ ሲጠጋት «ከኋላሽ ነው!» ብለው የጮኹ ሴትዮ ነበሩ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ተዋናይቷ ራሷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸው ግን ከሁላችንም ጋር አብረው ነው የደነገጡት። አንተ ቀድመህ ደንግጠህ ጨርሰህ ነው የመጣኸው።

ከመናፍስት ጋር ሳወዳድርህማ ጭራሽ አዘንኩልህ። ለንደን ድሩሪ ሌን የሚባለው ቴአትር ቤት ግራጫ ካባ የለበሰ ሰውዬ አለው ይባላል። የሚመጣው በቀን ነው፣ እኛ ዘንድ በእኩለ ቀን ወንዝ አትውረዱ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ከላይኛው ፎቅ ወንበሮች ጀርባ ኮቴ ሳያሰማ ይሄድና ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። አንዲት ቃል አይተነፍስም። እንዲያውም ልምምድ ላይ ከታየ ቴአትሩ ይሳካል ተብሎ ስለሚታመን ተዋንያኑ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። አንተን አይቶ ደስ ያለው ተዋናይ ካለ አሳየኝ።

ፓሪስ ያለው የጋርኒዬ ኦፔራ ቤት ደግሞ ከሥሩ ውኃ የተጠራቀመበት ጨለማ ገንዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ1896 ትርኢት እየታየ የጣሪያው ግዙፍ መብራት ማመዛዘኛ ክብደት ወድቆ አንዲት ተመልካች ገድሏል። እንዲህ ያለ ቤት መንፈስ አለበት ቢባል ማን ይፈርዳል? ፈረንጆቹ በብዙ ቴአትር ቤታቸው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መድረኩ መሀል አንዲት አምፖል አብርተው ይሄዳሉ። ጨለማ ውስጥ የገባ ሠራተኛ ከመድረክ ወድቆ እንዳይሰበር ነው። ተዋንያኑን ከጠየቅክ ግን መናፍስቱ እንዲተውኑበት ነው ይሉሃል። ለመናፍስት አንድ አምፖል በቂ ነው። አንተ ቆሎህ ወደቀ ብለህ የስልክህን ባትሪ አብርተህ ሙሉ ረድፉን ፈተሽክ።

የኛው ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን ለመንፈስ የሚያንስ ታሪክ የለውም። ጣልያን ለሲኒማ ብሎ ጀምሮት ሳይጨርስ ሄዶ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል የተመረቀ ቤት ነው። ያልጨረሰውን ሊጨርስ የሚመላለስ የጣልያን ግንበኛ መንፈስ ቢኖርበት አይገርመኝም፣ ግን ደጃፉ ላይ የቆመውን አንበሳ አልፎ የሚገባ አይመስለኝም።

ደግሞ መንፈስ በስመ አብ ቢሉት ይሸሻል። አንተንም ብዬህ ነበር። ጨንቆኝ ዞር ብዬ «በስመ አብ!» ስልህ ምን አልከኝ? «ደነገጥሽ እንዴ እህት? ገና ነው፣ የሚያስደነግጠው ከእረፍት በኋላ ነው።» ድምፅህን ዝቅ አድርግ ብዬ በጨዋነት ስለምንህም «ቴአትር እኮ ነው፣ አታካብጂ» አልከኝ። አላካብድም እሺ። ቴአትር መሆኑን ግን አንተም ብታስታውሰው ምን ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ንዴት ብቻ አይደለም።

አጠገብህ የነበረችውን ልጅ ማለቴ ነው። ትረካው በሙሉ ለእሷ እንደነበር ገብቶኛል። «አሁን ደብዳቤውን ትቀደዋለች።» «እሺ» ትልሃለች። «አሁን አዘጋጁ በስህተት ይታሰራል።» «እሺ።» እንዴት ያለች ታጋሽ ልጅ ናት እያልኩ ሳዝንላት አመሸሁ። መጨረሻው ሲቃረብ ጠጋ አልካትና «አሁን መብራቱ ድርግም ይላል፣ እንዳትደነግጪ» አልካት።

እሷም ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል (ዓይኗን አላየሁም፣ ከድምፅዋ ነው ያወቅኩት) «አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ» አለችህ።

ዝም።

«መቼ?»

«ቆየ።»

«ከማን ጋር?»

«ዝም በል በናትህ፣ ቴአትር እያየሁ ነው።»

መብራቱም ድርግም አለ።

ወንድሜ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ መድረኩ ላይ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። መብራቱ ተመልሶ ልጁ ተዋናይቷ ፊት ተንበርክኮ ተገኘ፣ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ፣ እናቲቱ ቆሏቸውን ዋጡ። የኔ ሁለቱም ጆሮ ግን ከኋላ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ያላረፈው አፍህ እንዲናገር በፈለግኩ ሰዓት ተዘጋ። ምን ዓይነት ግፍ ነው?

ሳምንቱን ሙሉ ሳብላላው ነው የከረምኩት። እናቷ ትሆን? ከእናቷ ጋር ቢሆን «ከማሚ ጋር» ትልህ ነበር፣ ምን ያስደብቃል። ጓደኞቿ? የመሥሪያ ቤት ሰው? መሥሪያ ቤት ስል ልብህን ጠብ አድርጌው ከሆነ አፉ በለኝ። ብቻዋን ገብታስ ቢሆን? ወይስ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ሁሉንም እያወቀች፣ መናገር እንደምትወድ ስላየች፣ ደስ ይበልህ ብላ ነው እሺ እሺ ስትልህ ያመሸችው? እንዲህ ከሆነ ፈጣሪ ምን እንደሰጠህ አላወቅክም። እንዲህ ካልሆነ ደግሞ ደራሲው ልጁን ሳቅ ውስጥ እንደደበቀው፣ እሷም አንዱን ሰውዬ «እሺ» ውስጥ ደብቃው ነበር ማለት ነው።

ስትወጡ ልከታተላችሁ ሞክሬ ነበር፣ በሩ ላይ ያለው ግፊያ ለያየን። አንተ ከፊት፣ እሷ ትንሽ ወደ ኋላ ስትሄዱ ነው ያየሁት። እሷ ስልኳ ላይ ፈገግ ብላለች። ይሄስ ማስረጃ ነው አይደለም?

ስለዚህ ተደራድረን እንጨርስ። የመድረኩን መጨረሻ በነፃ ነግረኸኛል፣ አልጠየቅኩህም። አሁን ግን እየጠየቅኩህ ነው፦ ከማን ጋር ነው ያየችው? ነገርየው ረጅም ከሆነ ቡና እጋብዝሃለሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ቀስ ብለህ ተርክልኝ፣ አላቋርጥህም።

ከሰላምታ ጋር
ከፊትህ የተቀመጥኩት

ግልባጭ፦
– ለመብራት ልጁ፣ ለመረጃ ያህል
– ለግራጫው ካባ ሰውዬ፣ አዲስ አበባ ክፍት የሥራ ቦታ ስላለ
– አብራህ ለነበረችው እህቴ፣ ለእሱ ባትነግሪው እንኳ ለኔ ብትነግሪኝ