ማስተካከያ፦ የሆንግ ኮንጉ ትልቁ ቡድሃ መግቢያ እና ደረጃ

ላንታው ደሴት ላይ ስላለው የቲያን ታን ቡድሃ ሐውልት (ትልቁ ቡድሃ) ቀደም ሲል ባወጣነው የጉዞ መረጃ፣ ሐውልቱ ዘንድ ለመውጣት ትኬት ያስፈልጋል፣ ደረጃውም 286 ነው ብለን ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ደረጃው 268 ነው፤ ቁጥሮቹ ተገለባብጠውብን ነው። ወጥቶ ዙሪያውን ማየትም በነፃ ነው። የሚከፈለው ከሐውልቱ ሥር ያሉትን የኤግዚቢሽን አዳራሾች ለማየት ነው፤ ጊዜ ካጠረዎት ቢያልፏቸው ብዙ አይቀርብዎትም።

«በኬብል ካር 25 ደቂቃ» ያልነው ትክክል ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ከቱንግ ቹንግ ሐውልቱ እስካለበት ንጎንግ ፒንግ ድረስ 5.7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ኬብል ካር ኃይለኛ ነፋስ ወይም መብረቅ ሲኖር ይቆማል፤ ለጥገና ቀኑን ሙሉ የሚዘጋባቸው ቀናትም አሉ። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት የዕለቱን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ከቆመ፣ እዚያው ቱንግ ቹንግ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ 23 ቁጥር አውቶቡስ ይያዙ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ፊት ለፊት ቢቀመጥ ይሻለዋል። ጭጋግ ከወረደ ግን በምንም ቢሄዱ 34 ሜትር የሚረዝመው የነሐስ ሐውልት ከደረጃው ግርጌ ላይታይ ይችላል።