ውሃ ጭኜ ወደ ውሃ አገር

ከባድ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ድንች ጭኛለሁ፣ ሶፋ ጭኛለሁ፣ የውሻ ምግብ ጭኛለሁ። እንደዚያ ቀን ጭነት የከነከነኝ ግን የለም።

የጫንኩት የታሸገ ውሃ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሃ ብቻ። የማደርሰው ዌስት ቨርጂኒያ፣ በደቡቡ በኩል፣ ተራሮች መሃል ወዳለች ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ያለፈ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ሲወርዱ ተራራው ከግራም ከቀኝም እየተጠጋ ይመጣል። አስፋልቱ ከወንዙ ጋር አብሮ ይጠማዘዛል። ከየገደሉ ውሃ ይወርዳል። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጉሙ ዛፎቹ ላይ ተኝቷል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አየሩን ስስበው መቱ የደረስኩ መሰለኝ። ኢሉባቦር ያደገ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም። የረጠበ ቅጠልና የጥቁር አፈር ሽታ ነው።

ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። ይሄ ሁሉ ውሃ ባለበት አገር እኔ ውሃ የማደርሰው ለማን ነው?

ሱቁ ጋ ስደርስ ወረቀቴን የፈረሙልኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ጭነቱ እየወረደ ሳለ ጠየቅኳቸው። ይሄን ያህል ውሃ ማን ይጠጣዋል? «ሁላችንም» አሉኝ። ከሱቁ ጀርባ ይዘውኝ ሄዱና ጅረቱን አሳዩኝ። ድንጋዮቹ ዝገት የተቀቡ ይመስላሉ፣ ብርቱካንማ ሆነዋል። አባታቸው ከዚያ ጅረት በእጃቸው እየጨለፉ ይጠጡ ነበር። እሳቸውም በልጅነታቸው ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። አሁን የቤታቸው ጉድጓድ ውሃ ነጭ ልብስ ያቀልማል። ቧንቧው ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ለቡናውም፣ ለሾርባውም፣ ለውሻቸውም የሚገዙት ውሃ ነው።

ለውሻቸውም! አሜሪካ ውስጥ ነን እኮ። እኔ ልጅ ሆኜ ከሶር ወንዝ በጀሪካን ስቀዳ፣ አሜሪካ ማለት ቧንቧ ሲከፈት ንጹህ ውሃ የሚወርድበት አገር ነው ብዬ አምን ነበር።

ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ከተራሮቹ አንዱ አናት የለውም። እንደ ጠረጴዛ ተደልድሏል። ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ደኑ ይመነጠራል። ከዚያ ተራራው በፈንጂ ይናዳል። ድንጋይ ከሰሉ በተራራው ውስጥ በስስ በስሱ ተነባብሮ ስላለ፣ እሱ ጋ ለመድረስ ከላይ ያለው አለትና አፈር ሁሉ መነሳት አለበት። ያንን ሩቅ ወስዶ መድፋት ወጪ ነው። ስለዚህ አጠገብ ወዳለው ሸለቆ ይገለበጣል። ሸለቆ ባለበት ጅረት አለ። ጅረቱ ከነምንጩ ይቀበራል። ውሃው በተፈጨው ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ በታች ሲወጣ ሰልፌት የሚባለውን ጨው፣ ብረቱን፣ ሲበዛ የሚመርዘውን ሴሌኒየም ይዞ ነው። ራሱ የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደጻፈው፣ በአፓላቺያ ተራሮች ወደ 2,000 ማይል የሚጠጋ ጅረት በዚህ መንገድ ተቀብሯል። ከአዲስ አበባ መቀሌ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ያህል መሆኑ ነው።

«ደንብ ወጥቶልን ነበር፤ ወሰዱብን» አሉኝ ሽማግሌው። ሌላ አልጨመሩም።

ያን ሌሊት መኪናዬ ውስጥ ጋደም ብዬ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። (የአሜሪካውን ነገር ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመሬት ላይ ከሰል ቁፋሮን የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1977 ነው፤ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ካርተር ናቸው። በ1983 ከጅረት ዳር 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል፣ እንዲራቅ የሚል ደንብ ወጣ። በ2008 የቡሽ አስተዳደር ከሥልጣን ሊወርድ ሲል አላላው። በ2014 ፍርድ ቤት የቡሽን ደንብ ጣለው። የኦባማ አስተዳደር ከ2009 ጀምሮ ሲያዘጋጀው የነበረው አዲስ ደንብ ዲሴምበር 2016 ታወጀ። ሰባት ዓመት የተለፋበት ማለት ነው።

ደንቡ ምን ይላል? ከመቆፈርህ በፊት ውሃውን መርምረህ መዝግብ። እየቆፈርክም፣ ቆፍረህ ከጨረስክም በኋላ መርምር። ከፈቃድህ ክልል ውጭ ያለውን ውሃ አታበላሽ። ያበላሸኸውን ጅረት መልሰህ አቅና፣ ዛፉንም ትከል። ይኸው ነው። መንግሥት በሃያ ዓመት ውስጥ 6,000 ማይል ጅረትና 52,000 ኤከር ደን ያድናል ብሎ ገምቶ ነበር።

ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 19፣ 2017 ነው። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ተቀየረ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት 228 ለ194 ሻረው። በማግስቱ ሴኔቱ 54 ለ45 ደገመው። ፌብሩዋሪ 16 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈረሙ። ደንቡ በሕይወት የቆየው አራት ሳምንት ነው። ወንድ ልጅ ለክርስትና የሚጠብቀውን አርባ ቀን እንኳ አልሞላም!

የባሰውን ልንገራችሁ። የሻሩት በ1996 በወጣ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የተሻረ ደንብ፣ ምክር ቤቱ ሌላ አዲስ ሕግ ካላወጣ በስተቀር፣ ተመሳሳዩ ተመልሶ ሊወጣ አይችልም። በሩን ዘግተው ቁልፉን ወንዝ ጣሉት። እሱንም ወንዝ ካገኙ።

በዚያው በ2017 ኦገስት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ተራራ መናድ በአካባቢው ሰው ጤና ላይ ምን እንደሚያደርስ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሥራ ጀምረው ነበር። በመንግሥት ገንዘብ፣ በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በኩል። የአገር ውስጥ ሀብት ሚኒስቴር አቁሙ አላቸው። ደንቡን መሻር አንድ ነገር ነው፣ ደንቡ ሥራ ያሳጣል የሚል ክርክር አለው እንበል። ሰው ታሞ እንደሆነ ማወቅን መከልከል ግን ምን ይባላል? እስከ ዛሬ ይሄ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል።

ስለ ሥራው ክርክር ላስቀር አልፈልግም። ሽማግሌው ራሳቸው ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል የቆፈሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በከሰል ደመወዝ ነው። ስለ ከሰል ክፉ ሲወራ አይወዱም። ትራምፕ ሲፈርሙም ቆብ ያጠለቁ ማዕድን ቆፋሪዎች አጠገባቸው ቆመው ነበር። የእነሱ ጭንቀት ይገባኛል፤ ደመወዝ ሲቀር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ዌስት ቨርጂኒያ በ1950 ከ100,000 በላይ የከሰል ሠራተኛ ነበራት። ዛሬ 20,000 አይሞሉም። ያንን ሥራ የበላው ትልልቁ ማሽንና ርካሹ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ተራራ በፈንጂ ሲናድ ደግሞ ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ ፈንጂውና ማሽኑ ነው የሚሠራው። ጅረቱ ምን በደለ?

ከዚያ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ቡፋሎ ክሪክ የሚባል ሸለቆ አለ። ፌብሩዋሪ 26፣ 1972፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የከሰል እጣቢ የተጠራቀመበት ግድብ ተደረመሰ። 132 ሚሊዮን ጋሎን ጥቁር ውሃ መንደሮቹ ላይ ወረደ። 125 ሰው ሞተ። ከ4,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ኩባንያው የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ። ይህን ሳነብ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። ቆሼ ትዝ አለኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እሱም ቅዳሜ። ትራምፕ ከፈረሙ አንድ ወር እንኳ ሳይሆነው። የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ከነቤታቸው ቀበረ። እዚህም እዚያም ሰው የደፋው ክምር ነው፤ እዚህም እዚያም ከሥሩ የሚያድረው ደሃ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ሕጉን አልሻርንም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰዎች ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። አዋጆቹን ከፍቼ አነበብኳቸው፤ ደህና የተጻፉ ናቸው። ከዚያ ትንሹን አቃቂ አስቡት። የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ፣ የመኖሪያ ቤቱ ፍሳሽ፣ ከሱ በታች ደግሞ በዚያው ውሃ የሚጠጣው ጎመንና ሰላጣ። ሕጉ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ወንዙ ጠቁሯል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ብዙ አሰብኩበት። እዚህ አገር ደንቡን ለመሻር ቢያንስ እጅ ማውጣት ነበረባቸው። ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። 228ቱም፣ 54ቱም። ሽማግሌው የማንን ስም ሊወቅሱ እንደሚገባ ያውቃሉ። አቃቂ ዳር ጎመን የምትተክለው እናት ግን ማንን ትወቅስ? ማንም ድምፅ አልሰጠባትም፤ ማንም መጥቶ አልለካላትም። በዚህ ቀናሁ። መቅናት ግን ምን ያደርጋል፤ ውሃው ሁለቱም ጋ አይጠጣም።

የሰው ድምፅ አንዳንዴ እንደሚሰማ ደግሞ አልክድም። በ2010 ዓ.ም. የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ ልጆቻችን አካል ጉዳተኛ ሆነው እየተወለዱ ነው፣ ከብቶቻችን እየሞቱ ነው ብሎ ሲወጣ፣ የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ታግዶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ።

የእኔ ጭንቀት ግን ያዩ ነው። ከመቱ ወደ በደሌ ሲኬድ ያለችው ያዩ። ደኗን ዩኔስኮ በ2010 በፈረንጅ አቆጣጠር በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን ነው። ጌባ ወንዝ በመሃሉ ያልፋል። የምድሩ ሆድ ደግሞ ድንጋይ ከሰል ነው። በዚያ ከሰል ይሠራል የተባለው የማዳበሪያ ፋብሪካ ተጀምሮ ሳያልቅ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የአገር ውስጥ ከሰል ይጠቀሙ ተብሏል። ዶላር ለማዳን ነው፤ እኔም ዶላር ይዳን ባይ ነኝ። ልማት አልጠላም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሲቆፈር አፈሩ የት ይደፋል? ከመቆፈሩ በፊት የጌባን ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ መርምሮ፣ ዛሬ ይህን ይመስላል ብሎ የጻፈ ሰው አለ? የተሻረው የአሜሪካ ደንብ የመጀመሪያው መስመር እኮ ይሄ ነበር። ቅዳና መዝግብ። ካልተመዘገበ ነገ ተበላሸ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ሽማግሌው የሚቆጫቸው ይህ ነው። የአባታቸው ውሃ ንጹህ እንደነበር የሚመሰክር ወረቀት የላቸውም። ራሳቸው ናቸው ምስክሩ፣ እሳቸውን ደግሞ ማን ይሰማል?

ይሄን ሁሉ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ማኪያቶ አብረውኝ ለሚጠጡት ጓደኞቼ አወራሁ። አንዱ «አንተ ደግሞ፣ የነጭ ገበሬ ጉድጓድ ምን አገባህ?» አለኝ። ሌላው ስለ ቤት ወለድ ማውራት ቀጠለ። ቅር አለኝ፣ አልደብቅም። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ስለ አገራችን ምንጭና ፏፏቴ ስንዘፍን እናድራለን። ጠበል ተልኮልን በፕላስቲክ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጣለን። ያ ጠበል የሚፈልቅበት ምንጭ በላይ በኩል ማን ምን እየደፋበት እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። እዚያ ሱቅ ጀርባ እስክቆም ድረስ።

ያን ሰሞን መቱ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። ሶር እንዴት ነው አልኩት። ደነገጠ። ሰው ሞቶ እየዞርኩ የምጠይቀው መስሎት። ደህና ነው፣ ክረምቱ በርትቶ ደፍርሷል፣ ምነው አለኝ። በሚቀጥለው ወደ ያዩ ለጉዳይ ሲሄድ ጌባ ጋ ወርዶ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ፎቶ እንዲያነሳልኝ ለመንኩት። ቀኑን ጽፈህ ያዝ አልኩት። ላብራቶሪ እንደማይተካ አውቃለሁ። ግን ቀኑ ይጻፍ።

ፎቶውን ባለፈው እሑድ ላከልኝ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ በብርጭቆው ውስጥ ጣቶቹ ይታያሉ።

ሐሙስ ያው ጭነት ተሰጥቶኛል። ሃያ ሁለት ፓሌት ውሃ፣ ለዚያችው ከተማ። ስልኬን ለሽማግሌው አሳያቸዋለሁ።