«ሪል ሩት የለውም» ማለት «ፋክተር አይደረግም» ማለት አይደለም!

እስኪ ዛሬ ይውጣልኝ። «ሪል ሩት የለውም፣ ስለዚህ ፋክተር አይደረግም» የምትለው አባባል አንጀቴን አሳርራዋለች። (ሩት ማለት በኤክስ ቦታ ሲገባ ዜሮ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ፋክተር ማድረግ ደግሞ ተባዝተው ያንኑ ወደሚሰጡ አነስ ያሉ ክፍሎች መሰንጠቅ።) ስንት ዓመት ሰማናት፣ ጻፍናት፣ ማርክም አገኘንባት። ስህተት ናት!

የተነሳብኝ የእህቴን ልጅ ሒሳብ ሳስጠና ነው። ጥያቄው «ኤክስ⁴ + 4ን ሙሉ በሙሉ ፋክተር አድርጉ» ይላል። ልጅቷ 1ን፣ 2ን፣ 4ን፣ ኔጋቲቮቻቸውንም አንድ በአንድ አስገብታ ሞከረች፤ ዜሮ የሚሰጣት ጠፋ። ሊገኝም አይችልም፤ የማንኛውም ሪል ቁጥር 4ኛ ፓወር ከዜሮ አያንስም፣ 4 ሲጨመርበትማ ጭራሽ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን መልስ ገልጣ አየች፦ «ፋክተር አይደረግም»። ደብተሯን ልትዘጋ ስትል ነው «ቆይ» ያልኳት።

በኮምፕሌክስ ቁጥር ሞከርነው። ኤክስ⁴ = −4 ከሆነ፣ ኤክስ² ወይ 2አይ ነው ወይ −2አይ («አይ» ያው የኔጋቲቭ 1 ስኩዌር ሩት ናት)። 1 + አይ በራሷ ስትባዛ 2አይ ትሰጣለች። እንዲህ እንዲህ እያልን አራቱን ሩቶች አገኘን፦ 1 + አይ፣ 1 − አይ፣ −1 + አይ፣ −1 − አይ። ልጅቷ መጀመሪያ 1 + አይን ከ−1 + አይ ጋር አጣመረች። ኤክስ² − 2አይ·ኤክስ − 2 ወጣላት፤ አይ አልለቅ አለቻት። «እያንዳንዷን ከኮንጁጌቷ፣ የአይ ምልክቷ ብቻ ከተገለበጠው ጥንዷ፣ ጋር አጣምሪያት» አልኳት። 1 + አይ እና 1 − አይ ሲደመሩ 2፣ ሲባዙም 2፤ ስለዚህ ኤክስ² − 2ኤክስ + 2። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ኤክስ² + 2ኤክስ + 2 ሰጡ። አይ ድራሿ ጠፋ፣ የቀረው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብቻ ነው! ሁለቱ ሲባዙ ኤክስ⁴ + 4 ይሆናሉ። ልጅቷ አላመነችም። በኤክስ ቦታ 3 አስገባች፦ 81 + 4 = 85። በሌላው በኩል ሁለቱ ክፍሎች 5 እና 17 ሰጡ፤ 5 × 17፣ እሱም 85።

«ታዲያ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ መጽሐፉ ነው። ሌላ ምን ልበላት?

ነገሩ የሚያናድደኝ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ስለሚታወቅ ነው። 2ኛና 3ኛ ዲግሪ ላይ አባባሉ ይሠራል፤ ሩት ከሌለ መሰንጠቂያ የለም። 4ኛ ዲግሪ ላይ ሲደረስ ግን ሪል ሩት የሌላቸው ሁለት ኳድራቲኮች (2ኛ ዲግሪዎች) ተባዝተው ሊመጡ ይችላሉ። ይህቺን አንዲት መስመር መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ኮኤፊሸንቶቹ (ኤክሶቹን የሚያባዙት ቁጥሮች) ሪል ከሆኑ ኮምፕሌክስ ሩቶች ሁልጊዜ ከነኮንጁጌታቸው ነው የሚመጡት፤ ጥንዶቹ ሲባዙ ሪል ኳድራቲክ ይሆናሉ። ስለዚህ ከ2ኛ ዲግሪ በላይ የሆነ ሪል ፖሊኖሚያል ሁሉ በሪል ቁጥሮች ይሰነጠቃል። ሁሉም!

ላይብኒትስ የሚያህል የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1702 ኤክስ⁴ + ኤ⁴ የሚመስለው በሪል ኳድራቲኮች አይከፈልም ብሎ ተሳስቷል። እሱ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ ያኔ ኮምፕሌክስ ቁጥር ገና ጭጋግ ውስጥ ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በዶክትሬት ጽሑፉ ጉዳዩን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው። ከዚያ በኋላ የታተመ መጽሐፍ ግን ምን ሰበብ አለው?

ደግሞ «ፋክተር አይደረግም» ሲባል በየትኞቹ ቁጥሮች? ኤክስ² − 2 በራሽናል (በክፍልፋይ ቁጥሮች) አይሆንም፣ በሪል ይሆናል። ኤክስ² + 1 በሪል አይሆንም፣ በኮምፕሌክስ ይሆናል። ይህን ሳይናገሩ «አይደረግም» ብሎ ማለፍ ተማሪውን መበደል ነው። የምታስተምሩ፣ ፈተና የምታወጡ ሰዎች እባካችሁ፣ «በኢንቲጀር»፣ «በሪል»፣ «በኮምፕሌክስ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ቃል ናት።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። «ነገ የማስረክበው ላይ የትኛውን ልጻፍ? መምህራችን የሚያርሙት በመጽሐፉ መልስ ነው።» ትክክለኛውን ሠርታ፣ በገዛ እጇ አረጋግጣ፣ ማርክ እንዳይቀነስባት ፈራች። ላጲሱን አንስታ ትንሽ አሰበችና መልሳ አስቀመጠችው። የራሷን መልስ ተወችው፤ ከሥሩም በደማቁ 85 = 5 × 17 ብላ ጻፈችበት።