መርፌ ቁልፍ ያላችሁ በሙሉ ከእጅጌዬ ራቁ

አሁን ገና ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። እጅጌዬ ላይ ሰባት መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል፤ በአንድ እጄ እየነቀልኩ በአንድ እጄ እየጻፍኩ ነው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

እጅጌዬን ታውቁታላችሁ። ሦስት ወር ሙሉ ስለሱ ያልሰማ ሰው የለም። ጥቁር ቀሚስ፣ ከእህቴ የመልስ ካባ የተረፈው ቀይ ከፈይ እጅጌ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ እጅጌ ላይ አራት አራት ክፍት፣ ከውስጥ ነጭ የሸማ ሸሚዝ። ሸማው በክፍቱ በኩል ሳብ ሳብ ይደረግና እንደ ፈንዲሻ ቡፍ ይላል። ዛሬ ክርስትናው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበስኩት። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው እንባዬ ሊመጣ ነበር። እውነቴን ነው። እንዳሰብኩት የወጣልኝ የመጀመሪያ ልብስ ነው።

ድንኳኑ ጋ እንደደረስኩ ግን እትዬ ጠሩኝ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ታውቋቸዋላችሁ።

«ነይ እስቲ ልጄ።»

ሄድኩ። ሳሙኝ። በዚያው እጄን ያዙና እጅጌዬን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ውይ! ምን ነካሽ? ታክሲ ውስጥ ነው? ሽቦ ያዘሽ?»

«አይ እትዬ፣ እንዲሁ ነው የተሰፋው።»

«እንዲሁ ማለት?»

«ክፍት ሆኖ። ውስጡ እንዲታይ ተብሎ።»

«ውስጡ ምን አለና ነው የሚታየው?»

«ሸማ ነው እትዬ።»

«ሸማማ ከላይ ነው የሚለበሰው!»

አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ከምራቸው ነው። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ መርፌ ቁልፍ ፈቱና የመጀመሪያውን ክፍት ቆለፉት። ቀጥለው ከቦርሳቸው ሁለት አወጡ። አልበቃም። ድንኳኑ ሙሉ እንዲሰማ «እስቲ መርፌ ቁልፍ ያላችሁ!» አሉ።

ሴቱ ሁሉ ቦርሳ መፈተሽ ጀመረ። አንዷ ከልጇ ደረት ላይ ማተቡን የያዘውን ፈታ ሰጠች። አንዷ ከጡት መያዣዋ። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ዩኒፎርም ሊለካላት እንደቆመች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቆሜያለሁ። «እትዬ፣ ይተዉት ግድ የለም» አልኩ። «ዝም በይ፣ እናትሽ ብትኖር እንዲህ ሆነሽ አትወጪም ነበር» አሉኝ። እናቴ እኮ አለች! እዛው ጓዳ ዶሮ ወጥ እያወጣች ነው! ስምንት ክፍት ነው ያለው፣ ሰባት መርፌ ተገኘ። አንዱ ቀረ። «ይሄንን ክንድሽን ወደ ውስጥ አድርገሽ ያዥው» ብለው ሸኙኝ።

አራት ሰዓት ሙሉ ክንዴን ወደ ውስጥ አድርጌ ቆየሁ።

አሁን ደሜን የሚያፈላውን ልንገራችሁ። እሳቸው አጠገብ፣ እዛው ወንበር ላይ፣ የአክስቴ ልጅ ተቀምጧል። የለበሰው ጂንስ ሁለቱም ጉልበቱ ተቦጫጭቋል። ጉልበቱ እንዳለ ሜዳ ላይ ነው፣ ጸጉሩ ይቆጠራል። «አምሮብሃል፣ ተባረክ» ነው የተባለው። የሱ ፋብሪካ ስለቀደደው ፋሽን ነው። የኔ በስንት ልፋት፣ በገበር፣ ዳሩ በእጅ እየተጠለፈ የተሠራው ክፍት ግን ሽቦ የያዘው ነው።

ከየት አመጣሽው ለምትሉ፣ ከጆቫና ነው። ጆቫና ቶርናቡኦኒ፣ የጣሊያኗ ከተማ የፍሎረንስ ልጅ። ጊርላንዳዮ የሚባል ሰዓሊ የሳላት ነች፤ ስዕሉ ላይ 1488 የሚል ዓመት ተጽፎበታል፣ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። አሁን ያለው ማድሪድ፣ ቲሰን ሙዚየም ነው። ልጅቷ በዚያው ዓመት በወሊድ ሞታለች፤ ገና ሃያ ዓመት ገደማዋ ነበር። ያንን ስዕል ስልኬ ላይ በሁለት ጣት እያጎላሁ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ፊቷን በጎን ነው የምታዩት። እጅጌዋ ክርኗ ጋ ሲደርስ ይከፈትና ነጩ ሸሚዝ ቡፍ ብሎ ይወጣል። ትከሻዋም ላይ እንደዚያው። አንገቷ ላይ ጌጡን የያዘው ቀጭን የሐር ክር ነው፤ መጀመሪያ ሳየው ማተብ ነበር የመሰለኝ። ከኋላዋ ግድግዳው ውስጥ በተሠራው መደርደሪያ ላይ የጸሎት መጽሐፍ አለ። ከበላዩ ቀይ የመርጃን መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። እናቴ ቁም ሳጥኑ ጎን ምስማር ላይ የምትሰቅለውን መቁጠሪያ አስታወሰኝ። ቤታችንን ያየሁ መሰለኝ። ያኔ ነው የያዘኝ።

ደግሞ ያኔ እጅጌ ከቀሚስ ጋር ተሰፍቶ አይቀርም ነበር። ለብቻው ይሠራና ትከሻ ላይ በክር ይታሰራል። አንድ ቀሚስ ላይ እጅጌ እየቀያየርሽ ሦስት ልብስ ታወጪበታለሽ። በዚህ ኑሮ ውድነት ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሰው ይንገረኝ።

ክፍቱን ደግሞ ስለጀመሩት ሰዎች የሚወራ ታሪክ አለ። 1476 ግራንሶን በተባለው ቦታ የስዊስ ወታደሮች የቡርጎኙን መስፍን ድል አድርገው ስንት ሐር ማረኩ። የተቀዳደደ ልብሳቸውን በዚያ ሐር ሲጥፉት፣ ከውስጥ ብቅ ብቅ ማለቱ አማረና ፋሽን ሆኖ ቀረ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ራሱ ደረቱና እጅጌው ተሰነጣጥቆ ነጩ እየወጣ፣ በሆልባይን እጅ ተስሏል። እሱን «ና እስቲ ልጄ» ብሎ በመርፌ ቁልፍ የቆለፈው የለም።

ልብስ ሰፊው ጋ የሆነውን ደግሞ ገና አልነገርኳችሁም። ይሄ ያለፈው ወር ነው። ስዕሉን አሳየሁት፣ በወረቀት ሳልኩለት፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ምልክት አደረግኩለት። «ገባኝ እህቴ፣ ችግር የለም» አለኝ። «ችግር የለም» ሲሉኝ እኮ መጠርጠር ነበረብኝ። ማክሰኞ ነይ ተባልኩ። ማክሰኞ መብራት የለም። ሐሙስ። ሐሙስ ክር አልቋል። ቅዳሜ ሄጄ ልብሱን ሳነሳው ስምንቱም ክፍት ተሰፍቷል! ጥርቅም!

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክፍት ሆኖ አገኘሁትና ዘጋሁልሽ።»

«ራስህ እኮ ነህ የከፈትከው!»

ትንሽ አሰበ። «ለነገሩ ተከፍቶ አያምርም» አለኝ። የስፌትም ተጨማሪ ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ምን ላድርግ? ልብሴ እሱ እጅ ነው ያለው። ቤት መጥቼ ስፌቱን በምላጭ አንድ በአንድ ፈታሁት። ከፈይ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አንዴ መርፌ ከነካው ምልክቱ አይለቅም፤ ጸጉሩ ይተኛና ቀዳዳው እንደ ጉንዳን ዓይን ያፈጣል።

ያን ቀን ማታ ሞሮኒ የሳለውን ልብስ ሰፊ ከፍቼ ስንት ሰዓት እንዳየሁት። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው ያለው፣ በ1560ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተሳለ። የቤርጋሞ አካባቢ ሰዓሊ ነው ሞሮኒ። ያኔ በብዛት ይሳሉ የነበሩት መሳፍንትና ሀብታሞች ናቸው፤ እሱ ግን ልብስ ሰፊ ሳለ። ሰውዬው ጠረጴዛው ጋ ቆሞ፣ መቀሱን ይዞ፣ ጥቁር ጨርቅ ሊቆርጥ ነው። ጨርቁ ላይ ነጭ የጠመኔ መስመር አለ። ቀና ብሎ ያያችኋል፤ አሁን በር ከፍታችሁ እንደገባችሁ። የራሱ ልብስ ደግሞ ነጣ ያለ ነው፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን መሰንጠቂያዎች አሉት። እሱ ቢሆን ኖሮ «ተከፍቶ አያምርም» አይለኝም ነበር። የጠመኔ መስመር ምን እንደሆነ ያውቃል። ያንን ሰውዬ አያት ያህል ነው የምናፍቀው።

ደግሞ አለ፣ «የፈረንጅ ነገር»። ይሄ የአጎቴ ነው፣ ጠላው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ። «የፈረንጅ ስዕል እያየች ነው እኮ የምትለብሰው» አለ። ሱፍ በክራባት ለብሶ ነው ይሄን የሚለው! ክራባቱን የሰጡት የጎንደር ነገሥታት ናቸው መሰለው። ለትልቅ ሰው አይመለስም ብዬ ዝም አልኩ። እዚህ ግን አልዝምም። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሰዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚሁ አገራችን መጥቶ አሥርት ዓመታት ኖሯል፣ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ስሏል፣ መርቆርዮስም ተብሏል። 1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የሄዱ መነኮሳት ፍሎረንስ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ነበሩ፤ ጆቫና ከመወለዷ በፊት ማለት ነው። የአፄ ልብነ ድንግል ምስል ዛሬም ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ የከተማዋ ገዢ ቤተሰብ ሜዲቺዎቹ ከሰበሰቡት የታላላቅ ሰዎች ምስል ጋር። እነሱ የኛን ንጉሥ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋል፣ እኔ የነሱን እጅጌ ብወስድ ምን አለበት? ከፈዩስ ቢሆን? ካህናቱ በበዓል የሚደርቡት ከፈይና ግምጃ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ስንት ዘመኑ ነው። እንደራሳችን አድርገን ስለለበስነው የኛ ሆነ።

እኔ እኮ ጆቫናን ልምሰል አላልኩም። የሷ ሸሚዝ ስስ ነጭ በፍታ ነው፣ የኔ የሽሮ ሜዳ ሸማ ነው። በክፍቱ ሲወጣ ጥለቱ ጫፉ ላይ ብልጭ ይላል። የእጅጌዬ ማሰሪያ ጫፍ ላይ ያሉት ናሶች ደግሞ ከምናለሽ ተራ የለቀምኳቸው ናቸው። የድሮ ቁም ሳጥን እጀታ ይመስሉኛል። ሰውዬው ከዝገት ክምር ውስጥ አውጥቶ በኪሎ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። በሎሚና በአመድ ፈትጌ ሳወጣቸው ወርቅ ነው የመሰሉት። የብስኩት ጣሳዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፦ የጠፋ ቤት ቁልፍ፣ የተሰበረ ስኒ ስባሪ፣ የጥንዚዛ ክንፍ፣ የአያቴ ካፖርት አዝራር። ሰው «ቆሻሻ» ይላል። ያቺን አረንጓዴ ክንፍ ይዤ ነው ለመስቀል የለበስኩትን ሻርፕ ቀለም የመረጥኩት። ሁላችሁም «ከየት ገዛሽው» ብላችሁኛል እኮ!

ቡቲክ ደግሞ አታንሱብኝ። ስትገቢ «ይሄ ነው አሁን የሚለበሰው» ትልሻለች። አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ በስድስት ቀለም። «ሌላ የለም?» ስትያት እንደ ሰደብሻት ታይሻለች። ባለፈው ሠርግ ላይ አራታችን አንድ ቀሚስ ለብሰን አልነበር? ሚዜዎቹ ነበር የመሰልነው። ያኔ ማንም «ምን ሆናችሁ» አላለንም። አራት ሰው አንድ ልብስ ሲለብስ ልክ ነው፣ አንድ ሰው የራሱን ሲለብስ መርፌ ቁልፍ ይሰበሰብለታል።

እርግጥ ይሄ አዲስ አይደለም። ፍሎረንስ ራሷ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሴት ልብስ የሚቆጣጠሩ ሹሞች ነበሯት። በሕግ የተከለከለ ልብስ ያላት ሴት አስመዝግባ በእርሳስ ማኅተም ታስደርግበታለች። ቀለሙ፣ ጌጡ፣ ምኑ ምኑ እየተባለ ተጽፎ። ያ መዝገብ ዛሬ ለታሪክ አጥኚዎች ሀብት ነው፤ ሴቶቹ ምን ይለብሱ እንደነበር የሚታወቀው ከሱ ነው። እትዬም መዝገብ ቢይዙ ጥሩ ነበር። ቢያንስ ከመቶ ዓመት በኋላ አንዷ አንብባ «ቀይ ከፈይ፣ ስምንት ክፍት» ትላለች።

በእትዬ ልናደድ እየሞከርኩ ነው፣ አልሆን ብሎኛል። ሲለዩኝ እኮ ጆሮዬ ላይ «ጨርቁ ግን እንዴት ያለ ጨርቅ ነው፣ የመልሱ ነው አይደል?» አሉኝ። አወቁት! የእህቴን ካባ አወቁት። በዓይናቸው እያዩ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ያን የመሰለ ዓይን ይዘው ነው የቆለፉት። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ልብስ የማያውቅ ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው የራሳቸውን ቀሚስ ጥለት ለሸማኔው ራሳቸው እየሳሉ ያሠሩ ሴት ናቸው። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ግድግዳቸው ላይ አለ። እንደሱ ያለ ጥለት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እናቴ ደግሞ ማታ ሲለቅ አይታ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። «ሸማውን ታጥቢው፣ አንዱ ዝጓል» አለች። እውነትም አንደኛው መርፌ ዝጎ ሸማው ላይ ቢጫ ነጥብ ጥሏል። ልጁ ማተብ ላይ የነበረው ይመስለኛል።

ስድስቱን ነቀልኩ። ሰባተኛው ገበሩን ይዞ አልወጣም ብሏል፤ ከሳብኩት ይቀደዳል፣ በጠዋት ብርሃን አየዋለሁ።

ሰኞ ቢሮ ለብሼው ነው የምሄደው። ስምንቱም ክፍት ሆኖ። መንገድ ላይ የምታገኙኝ፣ እባካችሁ እጃችሁን ቦርሳችሁ ውስጥ አትክተቱ። የተከፈተን ክፍት የሚተው ልብስ ሰፊ የምታውቁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሳሪስ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ታክሲ ሁለት መያዝ አልቻልኩም። አረንጓዴ ከፈይ ሁለት ሜትር ተኩል አለኝ፣ ከአሁኑ የምጀምረው።