መንገድ መሪውን እንደ ትርፍ ወጪ አትዩት

ስለ አፋር የበረሃ ጉዞ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ጥሩ ፎር ዊል መኪናና ጂፒኤስ ካለ የአገሬው መንገድ መሪ ትርፍ ወጪ ነው ብላችኋል። በፍጹም!

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ከዚህ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ አስፋልት ነው፣ ማንም ይነዳዋል። ከአስፋልቱ ስትወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሸዋ ላይ የጎማ ንፋስ ካልቀነሳችሁ ላንድክሩዘርም ይቀበራል። ዳሎል አካባቢ ደግሞ ሜዳው ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። የጨው ቅርፊቱ ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል። የቱ ጋ መኪና እንደሚሸከም ጂፒኤስ አይነግራችሁም።

ደግሞ ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ውሃ የት አለ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን አለፈ፣ ሰላም ነው ወይ። መሪያችሁ ከመኪና ወርዶ ዳጉ ሲለዋወጥ ሰዓት እያያችሁ አትነጫነጩ። የዛሬው መንገድ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጨው ቆራጮቹን በሁለት መስመር ማለፋችሁም አሳዝኖኛል። አሞሌ፣ ማለትም ተቆርጦ የተስተካከለው የጨው ጡብ፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ ነው። ዛሬም በዚያ ሐሩር ጨው የሚፈነቅሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፍ እነሱን አናግሩልን።