«ግን የማን ልጅ ነው?»

ሰው ሲሮጥ አይቶ ዝም ብሎ የሚያጨበጭብ ተመልካች ያሳዝነኛል። ችኩል ነው። አስተዋይ ሰው መጀመሪያ ያጣራል። አባቱ ማነው? በእናቱ በኩልስ? የት ነው የሚሳለመው? ጭብጨባው የትም አይሄድ፣ ይደርሳል።

ባለፈው እሁድ ከእንዲህ ያለ ሊቅ ጎን ተቀምጬ «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር»ን የማየት ዕድል ገጠመኝ። በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሎምፒክ ለብሪታንያ ስለሮጡ ሁለት ወጣቶች ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው። እኛ አራት ፈጀን። ሪሞቱ ሊቁ እጅ ነበራ!

ሃሮልድ አብርሃምስ ብቅ አለ። ቆም። «ይሁዲ ነው አይደል?» አዎ፣ አባቱ ከሊቱዌኒያ የመጣ ነው። «ስሙ ያስታውቃል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጠልን። ኤሪክ ሊደል ማጣሪያው እሁድ ስለዋለ መቶ ሜትሩን ሲተው የሊቁ ዓይን እንባ አቀረረ። «እምነት ማለት ይሄ ነው!» ቆም። «ቆይ፣ ኦርቶዶክስ ነው?» ፕሮቴስታንት ነው፣ ወላጆቹም ሚሲዮናውያን ነበሩ አልኩት። «ጴንጤ ነዋ!» እንባው ወደመጣበት ተመለሰ።

ከዚያ ሒሳብ ገባን። ሊደል የተወለደው ቻይና ነው። ወላጆቹ ስኮትላንዳውያን። በ47.6 ሰከንድ አራት መቶ ሜትሩን ያሸነፈው ለብሪታንያ። ታዲያ ወርቁ የማን ነው? ሊቁ ለቻይና ሩቡን ሰጠ። በ1945 የሞተውም እዚያው፣ ጃፓኖች አስረውት እንደሆነ ስነግረው አዘነና ጨመረላት። የስኮትላንድ ድርሻ ሲቀንስ ቅር አለውና መለሰላት። ብሪታንያ ማሊያውን ስላለበሰች ትንሽ አይጠፋላትም ተባለ። በእናት በኩል የሚነሳ ጥያቄ ቢኖር ብሎም መጠባበቂያ አስቀረ። አቦል ላይ የጀመርነው ክፍፍል በረካ ላይ አለቀ።

ይሄው ሰው፣ ፊልሙ ላይ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሽማግሌዎች የአብርሃምስን አሰልጣኝ ጣልያን ነው ወይስ ዓረብ እያሉ ሲያጣሩ ከት ብሎ ሳቀባቸው። «ዘረኞች!»

እዚህ ላይ ሽሙጤ አለቀብኝ። አሰልጣኙ ሳም ሙሳቢኒ በገንዘብ ስለሚያሠለጥን፣ ያኔ ደግሞ ይሄ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ ስታዲየም አልገባም። ፊልሙ ላይ ከሆቴል መስኮቱ ባንዲራው ሲወጣ አይቶ ባርኔጣውን በቡጢ ይበሳዋል። ያሠለጠነው አብርሃምስ በመቶ ሜትሩ ወርቅ አመጣ፣ በ10.6 ሰከንድ! ሰው ነፍሱ እስክትወጣ ሮጦ፣ መስመሩን አልፎ፣ ገና እያለከለከ «ከየት ነህ?» የምንለው ምን ሆነን ነው? ምን ቢያደርግልን ነው የሚበቃን? ያስጠላል።

ይቅርታ። ምስጋናዬን ልቀጥል።

ሯጮቹ በባዶ እግራቸው የባሕሩን ውሃ እየረጩ፣ ያ ዜማ እየፈሰሰ፣ ፊልሙ አለቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሊቁ ሪሞቱን አነሳ። ቆም።

«ሙዚቃውን የሠራው ማነው?»

ቫንጌሊስ የሚባል ግሪካዊ ነው አልኩት።

ፊቱ በራ። «ግሪክ! የኛው ኦርቶዶክስ ናቸዋ!»

ከመጀመሪያው አስደገመን።